ስለ ቃላት ዝምድና

ሁለት ሰዎች በመልክ ስለ ተመሳሰሉ ወንድማማች ናቸው ማለት አይደለም። በገበያ ያየነው እንግዳ ሰው አጎታችንን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከእኛ ጋራ የሚያገናኘው አንድ ጠብታ ደም እንኳ ላይኖር ይችላል። ደግሞም ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፥ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናሉ። የቃላትም ነገር እንዲሁ ነው።

ልጆች ሆይ፥ አንተ የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ ቃል በግዕዝ አንተ ነው፤ በዓረብኛም አንተ ይባላል። ዕብራይስጥ ግን የነን ድምፅ ጥሎ፥ ታን አጥብቆ፥ አታ ይላል። በሩቅ ምሥራቅ ያሉ ጃፓኖች ደግሞ አንተ ለማለት አናታ ይላሉ። እንግዲህ በጆሮው ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢጠየቅ፥ ለእኛ ቃል የሚቀርበው የጃፓኑ ነው፥ ዕብራይስጡ ግን ባዕድ ነው ይል ይሆናል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የጃፓኑ አናታ በጥንት ዘመን ወዲያ ማዶ ማለት ነበረ፤ በአክብሮት ወደ ሰው ሲያመለክቱበት ኖረው፥ በኋላ የሰው መጥሪያ ሆነ። ከእኛው አንተ ጋራ የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። የዕብራይስጡ አታ ግን መልኩ ቢለወጥም የእኛው የቅርብ ዘመድ ነው።

ሊቃውንት ይህን በምን ያውቃሉ? በቀድሞ ዘመን ርስት የሚጠይቅ ሰው፥ መልኬ ከባለርስቱ ጋራ አንድ ነውና አካፍሉኝ ቢል ዳኛው አይሰማውም ነበር። አባቱንና አያቱን እስከ አቅኚው ድረስ መቁጠርና ምስክር ማቆም ነበረበት። ሊቃውንትም ከቃላት ዘንድ ምስክር ይፈልጋሉ። አንድ ቃል ብቻውን አይበቃቸውም፤ ብዙ ቃላት በአንድ ሕግ ሲሄዱ ማየት ይፈልጋሉ። ለምሳሌ በግዕዝ ስም የሚባለው በዕብራይስጥ ሼም ነው፤ ሰላም የሚባለው ሻሎም ነው፤ ሰማይ የሚባለው ሻማይም ነው፤ ልሳን የሚባለውም ላሾን ነው። አስተውሉ፤ በእነዚህ ቃላት ሁሉ ግዕዝ ሰ በሚልበት ስፍራ ዕብራይስጥ ሸ ይላል። ይህ አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንል ነበር፤ በብዙ ቃላት ሲደጋገም ግን የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ይመሰክራል። ስለዚህ ግዕዝ፥ አማርኛ፥ ትግርኛ፥ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ሴማውያን ቋንቋዎች ተብለው በአንድነት ይቆጠራሉ።

ይህን ዝምድና ቀድመው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ሊቅ ነው። እርሱም በ1649 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን ጋራ በሮም ከተማ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ተማሪው ስመ ጥር ሊቅ ሲሆን፥ የመምህሩም ድካም አልተረሳም።

ቃላት የሚመሳሰሉበት ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ይኸውም ብድር ነው። ጠረጴዛ የምንለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። ግሪኮች ትራፔዛ ይላሉ፤ ትርጓሜውም በመጀመሪያ አራት እግር ያለው ማለት ነበረ። ነገር ግን ጎረቤት እንስራ ቢያውሰን ዘመድ እንደማያደርገን፥ ቃል መዋስም ቋንቋን ከቋንቋ አያዛምድም።

አጋጣሚ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በአውስትራሊያ ምባባራም የሚባል የጥንት ነገድ ቋንቋ ነበረ። ዲክሰን የሚባል ሊቅ ይህን ቋንቋ በመረመረ ጊዜ፥ ውሻ ዶግ እንደሚባል ሰማ። እንግሊዞችም ውሻን ዶግ ይላሉ። ሰሚው ሁሉ ከእንግሊዝ የተዋሱት ነው ይል ነበር። ነገር ግን በአካባቢው ባለ አንድ ዘመድ ቋንቋ ውሻ ጉዳጋ ይባላል፤ የቃሉ ፊተኛ ክፍል ወድቆ፥ ድምፁም በቋንቋው ሕግ ተለውጦ ዶግ ሆነ። እንደዚሁም ማማ የሚለው ቃል በብዙ አገር እናት ማለት ነው፤ ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ሲከፍት በቀላሉ የሚያወጣው ድምፅ ነውና። በጆርጅያ አገር ግን ማማ ማለት አባት ነው።

አሁን ልባችንን የሚፈትን ነገር እንመልከት። እኛ ቡና የምንለውን ጣሊያኖች ካፌ ይሉታል። ብዙ ሰው ይህ ስም ከአገራችን ከከፋ ወጣ ይላል። ቡና በከፋ ዱር ማንም ሳይተክለው በቅሎ መገኘቱ እውነት ነው፤ ወሬውም ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን የቃሉን ዱካ ወደ ኋላ ብንከተል፥ ካፌ ከቱርኮች ካህቬ፥ ካህቬም ከዓረቦች ቀህዋ መጣ። ቀህዋም ዓረቦች ቡና መጠጣት ሳይጀምሩ የወይን ጠጅ ስም ነበረ። ስለዚህ ከከፋ ስም ጋራ መመሳሰሉ ብቻውን ለምስክርነት አይበቃም። ይህን መናገር አገርን ማዋረድ አይደለም። የከፋ ክብር በደንዋና በቡናዋ ነው እንጂ ባልተረጋገጠ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ደስ የሚያሰኘንን ወሬ ከማያስደስተን ይልቅ አብዝተን ልንመረምረው ይገባናል፤ ሰው ለሚወደው ነገር ምስክር ሳይጠይቅ ይፈርዳልና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ችኩል ፈራጅ የፈረደውን መልሶ ያፈርሳል። ደግሞም ንግግሩ እንግዳ የሆነብንን ሰው አንናቅ። አታ ሲል ብንስቅበት፥ በወንድማችን ላይ መሳቃችን ነው።

ጥያቄ።
1. ከአታና ከአናታ ለአንተ ዘመዱ የትኛው ነው? ስለ ምን?
2. ሊቃውንት አንድ ቃል ብቻ የማይበቃቸው ስለ ምንድር ነው?
3. የተዋስነው ቃል ቋንቋን የማያዛምድ ስለ ምንድር ነው?
4. ደስ የሚያሰኘንን ወሬ አብዝተን መመርመር የሚገባን ስለ ምንድር ነው?