መሬትን መልሶ የማልማት ሥራ፦ ሥራ ለሚሹ ወጣቶቻችን ምን እንመክራለን?



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ለካህናትና ለካቴኪስቶች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል በዚህ ዘመን እጅግ የበዛው የሥራ ጥያቄ ነው። «አባ፥ ምን ልሥራ?» የሚለው ወጣት ብዙ ጊዜ መልሱን በልቡ ቆርጦ ይመጣል፤ ይኸውም ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከእኛ የሚሻው ምርቃት ብቻ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በተሰጡት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ አራት እንኳ እንዳልሞሉ ስናስታውስ፥ ጥያቄው ከስንት ቤት እንደሚነሣ ለመገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል ደግሞ መሬታችን ታሟል። ኮረብታው ተራቁቷል፤ ቦረቦሩ በየክረምቱ ወደ እርሻውና ወደ ግጦሹ ይገፋል፤ ምንጩ ከፋሲካ በፊት ይደርቃል። ሥራ የሚፈልጉ እጆችና እጅ የሚፈልግ መሬት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዚህ ትምህርት እነዚህ ሁለቱ እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

አስቀድመን ግን ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። እኛ ካህናትና መምህራን ለብዙ ዓመታት ልጆችን «ተማሩ፤ ተምራችሁ ከአፈር ውጡ» እያልን መክረናል። ምክሩ ከበጎ ልብ የመጣ ቢሆንም፥ አፈርን የሰነፍ ተማሪ ቅጣት አስመስሎታል። ስለዚህ በፈተና የወደቀ ልጅ ወደ መሬት ሲመለስ እንደ ተፈረደበት ሰው አንገቱን ይደፋል። ይህን ቃላችንን ማረም ከእኛ ይጠበቃል።

1. ሥራው በእምነት ዓይን

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ እናነባለን። ይህ የሆነው ከውድቀት በፊት መሆኑን ልብ እንበል። የኀጢአት ፍሬ ሆኖ በምዕራፍ 3 የተነገረው ድካሙና እሾኹ ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ሁለቱም ትእዛዛት በአንድነት የተሰጡ ናቸው፤ ሳይጠብቅ የሚያለማ ያራቁታል፤ ሳያለማ የሚጠብቅም አይጠግብም።

ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ደጋግማ አስተምራለች። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠራተኛው ሰው ከመሆኑ እንደ ሆነ አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም የሰላም ቀን መልእክታቸውም ከፈጣሪ ጋር የሚደረገውን ሰላም ከፍጥረት ጋር ከሚደረገው ሰላም ጋር አያይዘውታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት ሁለት ሳይሆኑ አንድ መሆናቸውን አስተምረዋል።

በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 14 ላይ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው፥ ሥሩ በምድር ውስጥ ቢያረጅም የውኃ ሽታ ባገኘ ጊዜ እንደሚያቆጠቁጥ ተጽፏል። ኢዮብ ይህን ያለው ሰው እንዲህ ያለ ተስፋ የለውም ብሎ እያዘነ ነበር። እኛ ግን የክርስቶስን ትንሣኤ ስለምናውቅ ጉቶውን ለሰውም ለምድርም የተስፋ ምልክት አድርገን እንመለከተዋለን። የሚከተለው ምሳሌ ይህን በተግባር ያሳየናል።

2. የሁምቦ ተራራ ምሳሌ

በወላይታ ሁምቦ ወረዳ የሚገኘው ተራራ ደኑ ተጨፍጭፎ ለረጅም ዘመን ራቁቱን ቆይቶ ነበር። ዎርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን መሬት መልሶ ማልማት ሲጀምር አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። በአፈር ውስጥ ሕያው ሆነው የቀሩት ሥሮችና ጉቶዎች ቡቃያ ያወጡ ነበር፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከብት ይግጠዋቸዋል፥ ማገዶ ፈላጊም ይቆርጣቸዋል። ስለሆነም ሥራው መሬቱን ከልቅ ግጦሽ መከለል፥ ከየጉቶው ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንካሮቹን መምረጥ፥ የቀሩትን መግረዝና የተመረጡትን መጠበቅ ሆነ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በኒጀር አገር ያስፋፉት ቶኒ ሪናውዶ የተባሉ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ናቸው።

መሬቱን እንዲያስተዳድሩ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። የደኑ ማገገም ከአየር የሚስበው ካርቦን ተለክቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ከሽያጩም ማኅበራቱ ገቢ አገኙ። ገቢው እንደ እህል መጋዘንና ወፍጮ ላሉ የጋራ ጥቅሞች ውሏል። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መሬትን ማዳን የአንድ ቀን ተከላ ሳይሆን መግረዝን፥ መጠበቅን፥ መቁጠርን፥ መለካትንና ሒሳብ መያዝን የሚጠይቅ የዓመታት ሙያ ነው። ሙያ ባለበትም ለሠራተኛ ቦታ አለ።

3. ሥራው የት ይገኛል?

ሀ/ የችግኝ ጣቢያ፦ ዘር መልቀም፥ አፈርና ፍግ ማዋሐድ፥ በፕላስቲክ ከረጢት መሙላት፥ መደብ ማዘጋጀት፥ ውኃ ማጠጣት፥ ማረም የጣቢያው ሥራዎች ናቸው። ብዙዎቹን ጣቢያዎች የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስተዳድራቸዋል፤ የግል ማኅበራትም አሏቸው። እዚህ ላይ የጊዜን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ የምናውቀው ወጣት ተከላ መጀመሩን ሰምቶ በሐምሌ ወደ ጣቢያው ሄደ፤ ሦስት ቀን ችግኝ ከተሸከመ በኋላ ተሰናበተ። ችግኝ ለመድረስ ወራት ስለሚፈልግ የጣቢያው ዋና ሥራ የሚጀመረው በበጋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ወጣት በኅዳር ሄዶ ጠየቀና እስከ ክረምት ሠራ።

ለ/ የተፋሰስ ሥራ፦ እርከን፥ ክትር፥ የውኃ መያዣ ጉድጓድና የቦረቦር ማዳን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው ከጥር ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብ ራሳቸውን ያልቻሉ ቤተ ሰቦች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ክፍያ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ግን ለተመለመሉ ቤተ ሰቦች የተመደበ እንጂ ለማንኛውም ሥራ ፈላጊ የተከፈተ አይደለም። ለወጣቱ የሚጠቅመው በውኃ ልክ የእርከን መስመር መቀየስን፥ ድንጋይ መካብንና ጋቢዮን መሥራትን መማር ነው። አካፋ የሚይዝ ብዙ ነው፤ መስመር ቀይሶ የሚያሠራ ግን በየቀበሌው ይፈለጋል።

ሐ/ የተከለለ መሬትና የማኅበር ደን፦ ከከብት ተከልሎ ያገገመ ኮረብታ በአንዳንድ ወረዳዎች ለተደራጁ መሬት አልባ ወጣቶች በውል ይሰጣል፤ እነርሱም ሣር እያጨዱ ይሸጣሉ፥ ንብ ያንባሉ። በጭልሞና በቦንጋ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ማኅበረሰቡ ደኑን በስምምነት እንዲጠብቅና እንዲጠቀም አድርጓል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ፥ ቁጥር 1065፥ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አውቆታል። ለመደራጀት መነሻው የቀበሌውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው።

መ/ ብሔራዊ ፓርኮች፦ ፓርኮች ስካውት የሚባሉ ጠባቂዎች አሏቸው። በሰሜን ተራሮች ደግሞ የደባርቅ አካባቢ ወጣቶች በመንገድ መሪነት፥ በጭነት አጓጓዥነትና በምግብ አብሳይነት ይተዳደራሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተመዝግቦ ነበር፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ለዚህ ሥራ የአካባቢው ተወላጅነት፥ ጤንነትና የእንስሳቱን ጠባይ ማወቅ ይረዳሉ፤ ለመንገድ መሪነት የውጭ ቋንቋ ይጨመራል።

ሠ/ በትምህርት የሚገኝ ሙያ፦ በቀበሌ ደረጃ ከሚመደቡት የልማት ሠራተኞች መካከል አንዱ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነው። በዚህ መስክ የግብርና ኮሌጆች ያሠለጥናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የወንዶ ገነት ኮሌጅም የደን ባለሙያዎችን ያፈራል። የቤተ ክርስቲያናችን የማኅበራዊና ልማት ጽሕፈት ቤቶችም በተፋሰስ ሥራ ስለሚሳተፉ ማስታወቂያቸውን መከታተል ተገቢ ነው።

4. ወጣቱ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ የቀበሌውን መታወቂያና የትምህርት ማስረጃውን ያዘጋጅ። ከዚያም የሥራ ማስታወቂያ ሳይጠብቅ ራሱ ወደ ችግኝ ጣቢያው ኀላፊ ወይም ወደ ልማት ሠራተኛው ሄዶ ሥራው መቼ እንደሚጀመር ይጠይቅ። በቤቱ ጓሮ ሃያ ችግኝ አፍልቶ ወይም የአባቱን ማሳ እርከን አስተካክሎ ማሳየት የሚችል ሰው ከባዶ እጅ ጠያቂ ይልቅ ይታመናል። የሠራበትን ወር፥ የሥራውን ዓይነትና የአሠሪውን ስም በደብተር ይጻፍ፤ ይህ ደብተር በሚቀጥለው ዓመት ምስክሩ ይሆናል።

ሥራ አስገባለሁ እያለ ገንዘብ ከሚጠይቅ ደላላ ይጠንቀቅ። ሲቀጠርም ደመወዙን፥ የሥራውን ዘመንና የክፍያውን ቀን በጽሑፍ ያግኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ መቀጠር የለበትም።

5. ስለ ፍትሕ ማሳሰቢያ

እውነቱን እንናገር፤ ይህ ሥራ ባለጠጋ አያደርግም። ብዙው የወቅት ሥራ ነው፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው። ወደ ዐረብ አገር ከሄደች እኅቱ ከሚላከው ገንዘብ ጋር ሲያስተያየው ወጣቱ ቢያመነታ አንፍረድበት። ከንብ፥ ከሣር ወይም ከጓሮ አትክልት ጋር ሲጣመር ግን ቤት ሊያቆም የሚችል ሥራ መሆኑን እናሳየው።

ስለ መሬቱ ተብሎ ሰው መበደል የለበትም። የኅብረተሰቡ የዘመቻ ሥራ መልካም ነው፤ ነገር ግን የደመወዝ ሥራን «ዘመቻ» ብሎ በነጻ ማሠራት ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። ቁምስናዎቻችንም የራሳቸውን ግቢ ሲያስተክሉ ይህን ያስቡ። እንደዚሁም ኮረብታው ሲከለል ማገዶ ከዚያ ትለቅም የነበረችው መበለት ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ይጠየቅ። እርስዋን ያላሰበ ከለላ በሌሊት ይፈርሳል፤ ቢጸናም ከድኻ እንባ ጋር ይጸናል።

6. ለካቴኪስቶች

ይህን ትምህርት በሁለት ጉባኤ እንድትሰጡት እንመክራለን። በመጀመሪያው ዘፍጥረት 2 እና ኢዮብ 14 ይነበቡ፤ በሁለተኛው ከተቻለ የቀበሌው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ተጋብዞ የአካባቢውን ሥራ ያስረዳ። ለውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርቡ፦

— በቁምስናችን ክልል ከጉቶ ሊያገግም የሚችል፥ የሚጠብቀው ብቻ ያጣ መሬት የትኛው ነው?

— በአካባቢያችን ያለው ችግኝ ጣቢያ በየትኛው ወር ሠራተኛ ይቀጥራል? ማን ሄዶ ይጠይቅ?

— ልጆቻችን በፊታችን ሲቀመጡ ስለ አፈር ሥራ በምን ዓይነት ቃል እንናገራለን?

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፤ ሊሄድ የቆረጠ ወጣት ለምርቃት ሲመጣ ምርቃቱን አንከልክለው። ከምርቃቱ በፊት ግን አብረነው ወደ ኮረብታው ወጥተን ጉቶውን እናሳየው። ከዚያ በኋላ የሚመርጠው እርሱ ነው። ገነትን ለአዳም አደራ የሰጠ አምላክ ለልጆቻችን የእጃቸውን ሥራ ይባርክ፤ ምድራችንንም ይጎብኝ። አሜን።