የሞተ አባት ቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሞትንና ሕይወትን ለፈጠረው ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፤ የምትነግድና ልጆች የምታሳድግ ሰው ነህና ይህን ትምህርት አስተውለህ አንብበው። ነጋዴ ከቤቱ ሲወጣ የሚመለስበትን ቀን ይናገራል እንጂ አያውቀውም። በዚህ በቤጌምድር ምድር በ19ኛው መቶ ዘመን የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ለሲራራ ሲወጡ ሚስትና ልጅ ለብዙ ወራት ትተው ይሄዱ ነበር። ዛሬ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዘው መኪና ጊዜውን አሳጥሮታል፤ መመለሱን ግን ዋስ ሆኖ አላረጋገጠም። እኔም አባት ነኝና ልጆቼ በተኙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ከእኔ በኋላ ይህ ቤት በምን ይቆማል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን፣ አገራችንንም የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። ሰይዱና ጃዕፈር ብን አቢ ጧሊብ የነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) የአጎት ልጅ ነበሩ። ቁረይሾች ሙስሊሞችን ባስጨነቁበት ዘመን፣ ስደቱ እ.ኤ.አ. በ615 ከተጀመረ በኋላ፣ ከባለቤታቸው ከአስማ ቢንት ዑመይስ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ልጆቻቸው ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ሄዱ፤ በ8ኛው ዓመት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ629፣ ጃዕፈር ዛሬ ዮርዳኖስ በሚባለው አገር በሙእታ ጦርነት ላይ ተገደሉ።

በዚያን ቀን አስማ ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበው ቅባት ቀብተዋቸው ነበር። ነቢያችን ወደ ቤቱ ገብተው ልጆቹን አስጠሩ፤ ወደ ራሳቸውም አስጠግተው አሸተቷቸው፤ ዐይኖቻቸውም እንባ አፈሰሱ። አስማ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ መርዶውን ሰሙ። ወንድሜ ሆይ፤ ያን ሊጥ አስበው፤ ሳይጋገር የልጆቹ አባት ሞቶ ነበር። ከዚህ ቤት አራት ትምህርት እንወስዳለን።

አንደኛው ስለ ምግብ ነው። ነቢያችን ያ ቤት በኀዘን ተይዟልና ለጃዕፈር ቤተ ሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። እንግዲህ ምግብ ወደ ኀዘን ቤት ይገባል እንጂ ከኀዘን ቤት አይጠበቅም። ባልደረባቸው ጀሪር ብን ዐብደላህም ከቀብር በኋላ ባለ ኀዘኖቹ ለተሰበሰበው ሰው ምግብ ማሰናዳታቸውን ከሙሾ ጋር ይቆጥሩት እንደ ነበር ተርከዋል። በደጋው አገራችን ጎረቤት እንጀራውንና ንፍሮውን ተሸክሞ ለቅሶ ሲደርስ ይህን ሱና ይፈጽማል። ነገር ግን ስም ለማስጠራት ሲባል ከሟቹ ሱቅ ገንዘብ ወጥቶ፣ ዱቄቱ በዱቤ ተወስዶ ድግስ ቢደገስ፣ የተበላው የማን ሀብት ነው? ከመገነዣውና ከመቅበሪያው ወጪ በኋላ የሟች ገንዘብ በመጀመሪያ የአበዳሪዎቹ ነው፤ ኑዛዜውም በልኩ ከተፈጸመ በኋላ የወራሾቹ ነው። ከወራሾቹም መካከል የቲሞች አሉ። የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች በሱረቱ ኒሳእ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነው። ለቀስተኛው ሳያውቀው የየቲም ጉርሻ እንዳይጎርስ ያስፈራል። ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ከራሱ ድርሻ ለአባቱ ሰደቃ ቢያወጣ ግን መልካም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስለ እንባ ነው። ነቢያችን ለጃዕፈር አለቀሱ። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራም ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አለቀሱ፤ ሰው በተደነቀ ጊዜም እንባው ርኅራኄ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ ያለቀሰውን አባት በእምነቱ ደካማ ነው ብለህ አትፍረድበት። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድና በአላህ ፍርድ ላይ ማጉረምረም ነው።

ሦስተኛው ስለ ልጆች ነው። ነቢያችን ከሦስት ቀን በኋላ ወደዚያ ቤት ተመልሰው ፀጉር ላጭ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ። ለጃዕፈር ቤተ ሰብ አላህ ምትክ እንዲሆን ለመኑ፤ የዐብደላህንም እጅ ይዘው በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። እናትየው ስለ የቲምነታቸው በተናገሩ ጊዜ፣ እርሳቸው ጠባቂያቸው ሳሉ ድኽነት እንዳያስፈራቸው አጽናኑ። ነጋዴ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። የቲሙን ራሱን ዳብሰው ብቻ አልተዉትም፤ ገበያ ወጥቶ ራሱን የሚችልበትን ቀን አሰቡለት። ዐብደላህም አድገው በቸርነታቸው የታወቁ ሰው ሆኑ። ጓደኛህ ቢሞት ከአርባ ቀን በኋላም በሩን አንኳኳ፤ ልጁን ሚዛን መያዝና ሒሳብ መጻፍ አስተምረው።

አራተኛው በሌላ ታሪክ የተነገረ ቢሆንም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው፤ እርሱም ዕዳ ነው። የሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ለሰላት በቀረበ ጊዜ ነቢያችን ሳይሰግዱበት ቆዩ፤ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ባሉ ጊዜ ሰገዱበት። በማግሥቱም ዕዳው ተከፍሎ እንደ ሆነ ጠየቁ። በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍ ታዟል። ስለዚህ የሰጠኸውንም የወሰድኸውንም ዛሬ ጽፈህ ምስክር አቁም፤ መዝገቡ ያለበትንም ለባለቤትህ አሳያት። በባል ልብ ውስጥ ብቻ የተጻፈ ዕዳ ከባል ጋር ይቀበራል፤ ጠያቂው ግን ከመበለቲቱ ደጅ ላይ ይቆማል።

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ሥራው ይቋረጣል፤ የማያቋርጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ግን አይቋረጡበትም። ከእነዚህ አንዱ አሁን በቤትህ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ልጅህ ነገ በዱዓው እንዲያስታውስህ ዛሬ ፊትህን ይወቅ፤ ከገበያ ስትመለስ ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት እርሱን ጥራው።

አላህ ሙታኖቻችንን ይማር፤ የቲሞቻችንን ይጠብቅ፤ መበለቶቻችንን ያጽና፤ ንግዳችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።