መጠኑ ያው፣ ክፍሉ ሌላ፦ የአካባቢ ምልክቶች ኦፒዮይድን በመላመድ ሂደት ያላቸው ድርሻ

ሞርፊንንና ሄሮይንን የመሳሰሉ ኦፒዮይዶች በተደጋጋሚ ሲወሰዱ ኃይላቸው እየደከመ ይሄዳል፤ የቀድሞውን ውጤት ለማግኘትም ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል። ይህ መላመድ በአብዛኛው የሚብራራው የኦፒዮይድ ተቀባይ ፕሮቲኖች ለመድኃኒቱ የሚሰጡት ምላሽ በመዳከሙ ነው። ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ መላመድ በከፊል የመማር ውጤት ነውና።

ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የሚሆነው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጥናት ነው። አይጦቹ በአንድ ክፍል ሄሮይን፣ በሌላ ክፍል ደግሞ የስኳር ውሁድ ብቻ በየተራ ይወጉ ነበር። በመጨረሻ ለሁሉም በኪሎግራም 15 ሚሊግራም ሄሮይን ተሰጠ። ቀድሞ ሄሮይን ካልወሰዱት 96 በመቶ ሞቱ። ሄሮይን በለመዱበት ክፍል ከተወጉት የሞቱት 32 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ክፍል ከተወጉት ግን 64 በመቶ ሞቱ። ሁለቱ ቡድኖች ቀድሞ የወሰዱት ሄሮይን እኩል ነው፤ ሁለቱንም ክፍሎች ያውቋቸዋል። ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ የመድኃኒቱ ምልክት መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው።

አሠራሩ ከፓቭሎቭ ትምህርት ጋር ይያያዛል። ኦፒዮይድ አተነፋፈስን ያዘገያል፣ ሕመምን ያደነዝዛል፤ አካልም መዛባቱን ለማረም በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል። ቦታው፣ ሰዓቱና የመርፌው ዝግጅት ዘወትር ከመድኃኒቱ ስለሚቀድሙ፣ ተቃራኒውን ምላሽ አስቀድመው ይቀሰቅሳሉ። ምልክቱ ኖሮ መድኃኒቱ ሲቀር፣ ምላሹ ብቻውን ቀርቶ በሕመምና በብርቱ ፍላጎት መልክ ይገለጣል። መድኃኒቱ ኖሮ ምልክቱ ሲቀር ደግሞ መከላከያው ሳይነሣ የተለመደው መጠን ሊገድል ይችላል።

በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ሥነ ምግባር አይፈቅድም፤ የግኝቱ ትርጉም ግን ለሕክምና ቅርብ ነው። ሐኪም የመጠኑን ያህል የሚወሰድበትን ቦታና ሁኔታም ሊጠይቅ ይገባል። በማገገሚያ ማዕከል ለወራት መቆየት በሴሎች ደረጃ ያለውን መላመድ ይቀንሳል፤ የሰፈሩን ምልክቶች ኃይል ግን አያከስምም። ስለዚህ ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ፍላጎቱ ይቀሰቀሳል፤ የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ደግሞ አካሉ አይችለውም። ምልክቶቹን ያለ መድኃኒት ደጋግሞ ማሳየት ምላሹን ቢያዳክምም፣ በክሊኒክ ክፍል የተገኘው ውጤት በቀላሉ ወደ ሰፈር አይሻገርም። የሕክምናው ዕቅድ ታካሚው የሚመለስበትን ቦታ ካላካተተ፣ ሥራው በግማሽ ቀርቷል።