መኪናን በሪያድ ሐሩር አስቀምጦ ስለ መሄድ

ብርድ ባለበት አገር መኪና የሚቀመጠው ከበረዶ ለመጠበቅ ነው፤ በሪያድ ለምንማር ግን ጠላቱ ፀሐይ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለዕረፍት የምንሄደውም ያን ጊዜ ነው። ሙቀት ባትሪን ያደክማል፤ ፀሐይ ጎማን ያሰነጣጥቃል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት፦

1ኛ/ መኪናዋን ጥላ ሥር ማቆም፤
2ኛ/ ጎማዎቹን በሚገባ መንፋት፤
3ኛ/ የእጅ ፍሬኑ እንዳይጣበቅ ለቅቆ፣ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ፤
4ኛ/ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት።

የተለመደው ግን ቁልፉን ለጓደኛ ሰጥቶ «አልፎ አልፎ አስነሣልኝ» ማለት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚነሣ ሞተር ባትሪውን እምብዛም አይሞላም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ናቸው፤ ከዚያ ራስን መሳት፣ ሞትም ይከተላል። የጋራዡን በር መክፈት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የተጎዳ ሰው ሲገኝ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና በ997 ቀይ ጨረቃን መጥራት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ገመዱን ፈትተን እንሂድ። ቁልፉን የምንተውለት ወዳጅ ከመኪናው ይበልጣል።