ሁለቱ የአቴና ተማሪዎችና የእኛ የስም መዝገብ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አገልግሎትና ስለ ወዳጅነት ነው። ብዙ ጊዜ የተሰበከበት ርእስ ስለሆነ «ይህንንማ እናውቀዋለን» የሚል እንደማይጠፋ እንገምታለን። እኛም እናውቀዋለን እንል ነበር። አለማወቃችንን የገለጠልን አንድ ወንድማችን ነውና ከእርሱ እንጀምር።

ባለፈው ዓመት በከተማው ዳር ባለች አንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ለሚማሩ ሕፃናት መምህር ያስፈልግ ነበር። ወደ ስፍራው ለመድረስ ሁለት ታክሲ ከተያዘ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። በአገልግሎት ክፍሉ ስብሰባ «ማን ይሂድ?» ሲባል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ፈተና የደረሰበት ነበረ፤ የመዝሙር ጥናት ያለበት ነበረ። በመጨረሻ በዕለቱ ያልተገኘ የአንድ ወንድማችን ስም ተጠራ። «እሱ እምቢ አያውቅም» ተባለ፤ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ፤ ጸሎት አድርገን ተበተንን።

እውነትም እምቢ አላለም። ሦስት ወር ሙሉ ተመላለሰ፤ በአራተኛው ወር ቀረ። እኛም በስም መዝገባችን ላይ በየሳምንቱ «ቀሪ» እያልን ጻፍንበት። ስድስት ጊዜ ከጻፍን በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይድረሰው ወይስ አይድረሰው በማለት ስንከራከር አመሸን። ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሄደ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከእኛ አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ በድንገት ባገኘው ጊዜ ነው እናቱ ከታመሙ አምስት ወር እንዳለፋቸው፣ ሌሊት የሚያስታምማቸው እርሱ ብቻ እንደሆነ፣ በዚህም ምክንያት በሁለት ትምህርት እንደወደቀ የሰማነው። ወራቱን ብንቆጥር እናቱ የታመሙት እኛ በሌለበት ስሙን በጻፍንበት ሰሞን ሆኖ ተገኘ። ይህ ወንድም ከእኛ ጋር ፊደል የቆጠረ፣ በአንድ ሰፈር ያደገ፣ «ጓደኛችን» የምንለው ሰው ነው።

ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን። ነገሩ ካሳፈረን ወዲህ ግን አብረን ያጠናነው የሁለት ቅዱሳን ታሪክ አለ፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሁለቱም የቀጰዶቅያ ልጆች ናቸው፤ ሀገሪቱ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ትገኛለች። አንዱ ቅዱስ ባስልዮስ ነው። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ስለሚጠራ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። (የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሌላ ነው፤ በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው።) ሁለቱም በ330 ገደማ ተወለዱ፤ በቀጰዶቅያዋ ቂሣርያ ተዋወቁ፤ በኋላም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አቴና ተሻገሩ።

እንግዲህ እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በአቴና አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ ይይዙትና በክርክር እያፋጠጡ፣ እየቀለዱበት፣ በሰልፍ በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። እዚያም በሩን እየደበደቡና እየጮኹ ካስፈራሩት በኋላ ነው ባልንጀራ አድርገው የሚቀበሉት። ዶርም ገብቶ ያደረ ሁሉ የዚህን ዘመድ የሆነ ነገር አያጣውም። ጎርጎርዮስ ቀድሞ ደርሶ ነበርና የባስልዮስን ጭምትነት ስለሚያውቅ ተማሪዎቹን አግባብቶ ከዚህ ሁሉ አዳነው። የወዳጅነታቸው መነሻ ይህች ትንሽ ነገር እንደነበረች ራሱ ጎርጎርዮስ ጽፎልናል።

ቀጥሎ የሆነውንም አልደበቀም። ጥቂት ተማሪዎች በባስልዮስ ቀንተው፣ ወዳጅ መስለው ቀርበው በክርክር ሊያሳፍሩት ሞከሩ። ጎርጎርዮስ በመጀመሪያ ምሥጢሩ ስላልገባው እነርሱን አገዘ። ቅናት መሆኑን ሲያውቅ ግን ወዲያው ከወዳጁ ጎን ቆመ። ባስልዮስም አቴና እንዳሰባት ሆና ስላላገኛት አዝኖ ተክዞ ሳለ ያጽናናው እርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ማደሪያቸው አንድ፣ ማዕዳቸው አንድ ሆነ፤ የሚያውቁት መንገድም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን ቤት የሚወስደውን ብቻ ነበር። በ355 በዚያችው ከተማ አብሯቸው ይማር የነበረ አንድ የንጉሥ ዘመድ ነበረ፤ በኋላ ክርስቶስን ክዶ የነገሠው ዮልያኖስ ነው። ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ዓይነት መምህራን ምን ያህል የተለያየ ሰው እንደሚወጣ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ባስልዮስ የግብፅን፣ የፍልስጥኤምንና የሶርያን መነኮሳት ጎብኝቶ ተመለሰና በጳንጦስ በወንዝ ዳር በብሕትውና ተቀመጠ። ጎርጎርዮስም ሊጠይቀው ሄዶ አብሮት ጸለየ፣ እንጨት ተሸከመ፣ አትክልት ተከለ። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስለ ቤቱ ጣራ ማጣትና ስለ ዳቦው ድርቀት እየቀለደ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ጥርስ የሚያንሸራትት ዳቦ ነበር አሉ! ቅዱሳንም እንዲህ ይቀላለዱ እንደነበር ስናነብ ደስ ብሎናል። ፊትን ማጥቆር ብቻ መንፈሳዊነት ለሚመስለን ይህ መልካም ትምህርት ነው።

በ368 እና በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። አገሩ ከባሕር የራቀ በመሆኑ እህል በመርከብ አይደርስለትም። በጎተራቸው እህል የነበራቸውም ዋጋው ይበልጥ እንዲወደድ ቆልፈው ይጠባበቁ ነበር። በዚያ ጊዜ ባስልዮስ ገና ቄስ ነው። በስብከቱ የባለጎተራዎቹን ልብ አራርቶ እህሉን አስከፈተ፤ የተራቡትንም በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ በታላላቅ ድስት የጥራጥሬ ወጥ አስቀቅሎ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ እግራቸውን እያጠበ አበላቸው። ይህን ያደረገው ጤነኛ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ በጉበት ሕመም ሲሠቃይ የኖረ ነው። በ370 የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም ከከተማው ውጭ ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለድሆች ማረፊያ ቤቶችን ሠራ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን በለምጽ የተያዙትን እርሱ ራሱ እየሳመ ይቀበላቸው ነበር። የረኃብን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወላጆቻችን የ1966ቱንና የ1977ቱን በእኛ አቆጣጠር ያስታውሳሉ፤ ወጥ የሚጨልፍ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ከእነርሱ ሰምተናል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት የተመቸ ነበር። ነገር ግን አላበቃም።

በ372 ንጉሡ ዋሌንስ የቀጰዶቅያን ግዛት ለሁለት ከፈለው። ዋሌንስ አርዮሳዊ ነበረና ባስልዮስን አይወደውም። በአዲሱ ክፍል የነበረው ጳጳስም ከባስልዮስ ሀገረ ስብከት የሚበዛውን እጅ ለራሱ ወሰደ። ባስልዮስ የቀረውን ለመጠበቅ ታማኝ ሰዎችን በየስፍራው መሾም ያዘ። ለሳሲማ ሰው አስፈለገው። ሳሲማ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት፣ ውኃ የሌለባት፣ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የበዛባት ትንሽ የመንገደኛ ማደሪያ ነበረች። ለዚያች ስፍራ ማንን መረጠ? የአቴናውን ጎርጎርዮስን! ጎርጎርዮስ ጸጥታ ወዳድ፣ የመጽሐፍ ሰው እንደሆነ ከባስልዮስ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አልፈልግም እያለ በገዛ አባቱና በወዳጁ ግፊት ጳጳስ ሆነ።

ክፉኛ አዘነ። ብርቱ የወቀሳ ደብዳቤዎችም ጻፈለት። በሳሲማ አንድ ቀን እንኳ ቀድሶ እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል።

እኛ ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን መተያየት ጀመርን። ባስልዮስ ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ ሰው ያስፈልጋት ነበር። የእኛም ሕፃናት በእርግጥ መምህር ያስፈልጋቸው ነበር። ነገር ግን በአገልግሎት የሚጣደፍ ሰው ሸክሙን አስቀድሞ የሚጭነው በቅርብ ባለው ወዳጁ ላይ ነው። እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ አስቀድመን እንጠይቀው ነበር፤ «ይመችሃል ወይ?» እንለው ነበር። ወዳጅን ግን «የእኛው ነው» ብለን ሳንጠይቅ እንጽፈዋለን። ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ አገልግሎት ሲኖር የግል ምቾት ሊታሰብ ነው ወይ?» ብሎ ተከራክሮናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ጭቃውን የሚረግጥ ሰው ሁልጊዜ መገኘት አለበት። እኛ የተስማማነው በዚህ ነው፦ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጠብ (ዮሐ. 13) እንቢ ያለውን ጴጥሮስን አስረድቶ እንጂ አስገድዶ አላጠበውም።

ጎርጎርዮስና ባስልዮስ ወደ ቀድሞው ፍቅራቸው ፈጽመው ስለመመለሳቸው የሚነገር የለም። ይሁን እንጂ በእነዚያው ዓመታት በአንድ ግብዣ ላይ ባስልዮስን በሃይማኖቱ የሚነቅፍ ሰው ሲነሣ የተከራከረለት ጎርጎርዮስ ነበር። ባስልዮስ በ379 መጀመሪያ ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ታሞ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ወደ ቂሣርያ ሄዶ በሕዝቡ ፊት ረጅም የመታሰቢያ ንግግር አደረገ። ከላይ የጻፍነውን የአቴናውንና የረኃቡን ታሪክ አብዛኛውን ያገኘነው ከዚያ ንግግር ነው። በዚያም የሳሲማን ነገር አልዘለለውም፤ ቁስሉ እንዳልሻረለት ተናገረ፤ ወዳጁንም ከሁሉ በላይ አመሰገነ። እኛ ብንሆን ወይ ቅሬታውን እንሸሽግ ነበር፣ ወይ ምስጋናውን እንተው ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስም የዚህ አምሳያ አለ። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ጳውሎስንና በርናባስን በጵንፍልያ ትቶ ተመለሰ። ጳውሎስ «ቀሪ» ብሎ ስለጻፈበት በሁለተኛው ጉዞ ሊወስደው አልፈቀደም፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 15፣ 36-41)። ከብዙ ዓመት በኋላ ጳውሎስ በእስር ሳለ ማርቆስ እንዲመጣለት የጠየቀው ለአገልግሎት የሚጠቅመው ሰው ሆኖ ስላገኘው ነው (2 ጢሞ. 4፣ 11)። ወንጌልን የጻፈልን፣ አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ጳጳስ ያስመጡበት የእስክንድርያ መንበርም በስሙ የሚጠራው ይኸው ማርቆስ ነው። በመካከሉ በርናባስ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን ጠየቅን፤ ወዲያውም የእኛን ወንድም አሰብን።

ሄድን። አምስት ሆነን፣ ብርቱካን ይዘን፣ ምን እንደምንል ሳናውቅ ሄድን። በሩን የከፈተልን እርሱ ነው። ፊቱ አልተፈታም። ይቅርታ ስንጠይቀው «ስሜን ከጻፋችሁ በኋላ ነው የነገራችሁኝ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እናቱ ከመኝታቸው ሆነው «ልጆቼ፣ ግቡ እንጂ፤ ምን በር ላይ አቆማችሁ?» ብለው አዳኑን። ስንሰነባበት ብርቱካኑን እያዩ «ይሄ ምን ያደርጋል? ለበሽተኛ መድኃኒቱ በሩ ሲንኳኳ መስማት ነው» አሉን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ማታ ተራ ገብተን እናድራለን፤ እኅቶቻችን ቅዳሜ ልብስ ያጥባሉ፣ ቡናም ያፈላሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይሽቀዳደም ነበር። በሁለተኛው ወር ሰበብ በዛ፤ አንድ ረቡዕ ማንም ሳይሄድ ቀረ። ወንድማችን በዚያች ሌሊት ስንጠብቃችሁ አመሸን አላለንም፤ እኛ ግን በማግስቱ ስንሄድ ተጨማሪ ፍራሹ እንደተነጠፈ አየነው። ከዚያ በኋላ ረቡዕ አልተዘለለም። በወደቀባቸው ትምህርቶችም አንድ በክፍል የሚበልጠው ወንድም እያስጠናው ነው። ወደ ሕፃናቱም አሁን ሦስት ሆነን በየተራ እንሄዳለን፤ ጭቃውም እንዳለ ነው።

ወንድማችን ወደ ቅዳሴ ይመጣል፤ ወደ ስብሰባችን ግን ገና አልተመለሰም። የባስልዮስንና የጎርጎርዮስን ታሪክ አንድ ረቡዕ ማታ በእናቱ አልጋ አጠገብ ነገርነው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጠ በኋላ «ጎርጎርዮስ ይሻላል፤ እሱስ ሲሾም እዚያው ነበር» አለና ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በስም መዝገባችን ላይ «ቀሪ» ከሚለው ጎን አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ «ማን ጠየቀው?» ይላል። በዚህ ወር ዐሥራ አንድ ቀሪዎች አሉ። የአራቱ ዓምድ ገና ባዶ ነው።