ቲ-ስኮሬ -1.8 ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዕድሜዬ በወረቀት 63 ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ቆጥሮ እንደሚነግረኝ ከሆነ ግን 67 ሳይሆነኝ አይቀርም። በቅርቡ ሐኪሜ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ አዘዘችልኝና ዳሌዬ ላይ -1.8፣ አከርካሪዬ ላይ -1.5 ወጣ። ኮምፒዩተር ላይ አንዳንድ ጥያቄ እየጠየቀች ሞላችና በሚመጡት 10 ዓመታት የመሰበር ዕድልሽ 5 በመቶ፣ የዳሌ ብቻ ደግሞ 0.7 በመቶ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልግሽም አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ነርስ ለሆነች የማኅበር ጓደኛዬ ስነግራት ግን «እጅሽ ተሰብሮ አልነበር እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በረዶ አዳልጦኝ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ አደጋ ስለሆነ ብዬ አልተናገርኩም። እናቴም ደሴ ሳለች ቤት ውስጥ ወድቃ፣ ወጌሻ ቢያሻትም ከአልጋ ሳትነሳ ነው ያረፈችው። በዚያ ላይ የሀበሻ ቀሚሶቼ መሬት መጥረግ ጀምረዋል፤ ያጠርኩ ይመስለኛል። መድኃኒቱ መንጋጋ ያበላሻል ሲሉ ስለሰማሁም ፈርቻለሁ። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴስ? ማሽኑን ማግኘት አልቻለችም።

አ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህታችን፣ ጓደኛዎ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪምዎ ስሌቱን አላሳሳቱም። የተሰላላት ሴት ግን ዕድሜዋ 63 የሆነ፣ አጥንቷ ተሰብሮ የማያውቅ፣ እናቷም ዳሌያቸው ያልተሰበረ ሴት ናት። እርስዎ እሷን አይደሉም።

በመጀመሪያ ስለዚያ -1.8 ልናገር። ቲ-ስኮር የእርስዎን የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ጋር ያነጻጽራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ -2.5 እና ከዚያ በታች የሆነው የአጥንት መሳሳት በሽታ ይባላል፤ በ-1 እና በ-2.5 መካከል ያለው ደግሞ ዝቅተኛ የአጥንት ጥግግት ነው። ችግሩ ሰው ሁሉ -2.5ን እንደ ድንበር ቆጥሮ ከዚያ በላይ የሆነች ሴት አትሰበርም ብሎ ማመኑ ነው። በ2004 የታተመ፣ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ከማረጥ በኋላ ያሉ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ከተሰበሩት ሴቶች 82 በመቶ የሚሆኑት ቲ-ስኮራቸው ከ-2.5 የተሻለ ነበር። እርግጥ ልኬቱ የተወሰደው ከዳሌ ሳይሆን ከክንድ፣ ከጣትና ከተረከዝ ነው። ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መካከለኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሴቶች እጅግ ብዙ ስለሆኑ አብዛኛው ስብራት የሚመጣው ከእነሱ ነው። ደግሞም የ50 ዓመትና የ80 ዓመት ሴት እኩል -2.5 ቢኖራቸው የ80 ዓመቷ የመሰበር ዕድል በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ነው በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ካኒስና ባልደረቦቻቸው በ2008 ፍራክስ የተባለውን ስሌት ያወጡት። ሐኪምዎ የሞሉት ይህንኑ ነው። ዕድሜን፣ ክብደትና ቁመትን፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራትን፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ሲጋራን፣ መጠጥን፣ እንደ ፕሬድኒሶን ያሉ ስቴሮይዶችን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስንና ሌሎች አጥንት የሚያሳሱ በሽታዎችን ጠይቆ፣ የዳሌው ልኬት ካለ ጨምሮ፣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት አከርካሪ፣ ዳሌ፣ የእጅ አንጓ ወይም ትከሻ የመሰበሩን ዕድል በመቶኛ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ መካከለኛው ረድፍ ላይ ላለች ሴት ድምሩ 20 በመቶ ወይም የዳሌው 3 በመቶ ከደረሰ መድኃኒት ይመከራል። እንግሊዞች በአንጻሩ ወሰኑን ከዕድሜ ጋር ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

አሁን ወደ እጅዎ። በረዶ ላይ መውደቅ አደጋ መሆኑ ምንም አይለውጥም። ሐኪሞች የሚያዩት ከምን ያህል ከፍታ እንደተወደቀ ነው። ከቁመት ልክ፣ ማለትም ቆመው ወይም እየተራመዱ ሳሉ ወድቀው የተሰበረ አጥንት ከመሳሳት ጋር የተያያዘ ስብራት ተብሎ ይቆጠራል፤ ያዳለጠው በረዶም ይሁን ምንጣፍ። እንዲህ ያለ ስብራት የሚቀጥለውን ስብራት ዕድል ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል፤ ስጋቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበረታል። የአሜሪካው የአጥንት ጤናና ኦስቲዮፖሮሲስ ፋውንዴሽን በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከማረጥ በኋላ ያለች፣ ቲ-ስኮሯ በ-1 እና በ-2.5 መካከል የሆነና አንጓዋ፣ ትከሻዋ ወይም የዳሌዋ ቀለበት እንዲህ የተሰበረባት ሴት ሕክምና ሊታሰብላት ይገባል፤ ፍራክስ የፈለገውን ቢያወጣ። እርስዎ ልክ እዚህ ላይ ነዎት። ለጥያቄዎ መልሴ እንግዲህ አዎ፣ መድኃኒት ያስፈልግዎታል ብዬ አምናለሁ ነው፤ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ምርመራዎች ሌላ ነገር ካላሳዩ በቀር።

ስለ እናትዎ ያነሡት ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ይህን ታሪክ ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁና። «የወላጅሽ ዳሌ ተሰብሮ ያውቃል?» ሲባሉ «አይ» ይላሉ፤ ራጅ አልተነሣም፣ «ተሰበሩ» ያለ ሐኪም የለም፤ «ወገባቸው ተጎዳ» ወይም «ዳሌያቸው ወለቀ» ተብሎ ነው የቀረው። አንዲት አረጋዊት ቤት ውስጥ ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ አንድ እግራቸው አጥሮ እግራቸው ወደ ውጭ ከዞረ፣ ከዚያም ካልተራመዱ፣ የዳሌ ስብራት የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። ወንድምዎን ይጠይቁ፤ የእግራቸውን ሁኔታ የሚያስታውስ ሰው ይኖራል። ለሐኪምዎም ልክ እንደነበረው ይንገሯቸው። የወላጅ የዳሌ ስብራት የልጅን የዳሌ ስብራት ስጋት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በስሌቱ ውስጥ ከሚከብዱት ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ዕድሜም እንዲሁ። ከስደተኛ ካምፕ ወይም ከኤምባሲ በተጻፈ ወረቀት የሚኖር ወገናችን ብዙ ነው፤ በዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት የተሳሳተም አለ። አራት ዓመት ለፍራክስ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ሐኪምዎ በ63ም በ67ም አስልተው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያዩት ይበጃል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያውቁም። የአሜሪካው ፍራክስ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሂስፓኒክና እስያዊ የሚሉ አራት ምርጫዎች አሉት፤ ለተመሳሳይ መልሶች «ጥቁር» ሲመረጥ ውጤቱ ከነጭ ሴቷ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቁጥሩ የመጣው ከጥቁር አሜሪካውያን የስብራት መረጃ ነው። ወሎ ተወልዳ፣ ሌላ ምግብ በልታ፣ ሌላ የሰውነት አቋም ይዛ ላደገች ሴት ያ ቅናሽ ይሠራል ብሎ ማሰብ በእኔ እምነት በቂ መሠረት የለውም። በአሜሪካ ባለሙያዎች ዘንድም ዘር ከስሌቱ ይውጣ የሚለው ሐሳብ እየበረታ ነው። ሐኪምዎን «በየትኛው ነው ያሰሉልኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ነውር የለበትም።

ፍራክስ የማይጠይቃቸው ነገሮችም አሉ፦ በዓመት ስንት ጊዜ ይወድቃሉ? ዓይነት ሁለት ስኳር አለብዎ? የስኳር ሕመምተኛ አጥንት በማሽኑ ሲለካ ጥሩ ሆኖ ታይቶ ሊሰበር ይችላል።

ቀሚስዎ መሬት ጠረገ ያሉትን ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ከአከርካሪ ስብራት ሦስት እጅ ሁለቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሰው «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ይተወዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አያምም። ቁመትዎን ያስለኩና ከወጣትነትዎ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ የጎን የአከርካሪ ራጅ ይጠይቁ። አንድ እንኳ የተጨፈለቀ አከርካሪ ከተገኘ ቲ-ስኮሩ ምንም ቢል ሕክምና ያስፈልጋል፤ ምናልባትም ጠንከር ያለ።

ከመድኃኒት በፊት የደም ምርመራ ይደረግ፦ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኩላሊት፣ የእንቅርትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ ሙሉ የደም ቆጠራ። በእኛ ቆዳ፣ በዚያ ክረምት፣ ቫይታሚን ዲ ማነሱ የተለመደ ነው፤ ቀድሞ መስተካከል አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሳምንት አንዴ በሚወሰደው 70 ሚሊ ግራም አሌንድሮኔት ነው። በ1996 በታተመ ጥናት ቀድሞ አከርካሪያቸው በተሰበረ ሴቶች ላይ አዲስ የአከርካሪም የዳሌም ስብራትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መተኛት የለም፣ ምግብም የለም፣ ቡናም የለም። ከቡና ጋር ከተወሰደ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ክኒኑ ጉሮሮና ደረት ካቃጠለ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ። በየስድስት ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አገር ቤት ገብቼ ስምንት ወር እቆያለሁ ለምትል ሴት አልመርጠውም። መርፌው ሲዘለል አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳና አከርካሪ ተከታትሎ ሊሰበር ይችላል።

የመንጋጋው ጉዳት እውነት ነው፤ ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ግን በዓመት ከአሥር ሺህ ሰው አንድ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። የሚነቀል ወይም የሚታከም ጥርስ ካለዎት መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ይጨርሱት። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ያልተለመደ ስብራት ስለሚያመጣም አዲስ የጭን ወይም የብሽሽት ሕመም ከተሰማዎት ቶሎ ይናገሩ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሐኪሙ እንደገና ገምግሞ እረፍት ሊሰጥ ይችላል።

በጾም ወተትና አይብ ስለሚቀር ካልሲየም ይጎድላል፤ በእርስዎ ዕድሜ በቀን 1200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ያግዛሉ፤ የጎደለው በክኒን ይሞላ፣ ከአሌንድሮኔት ጋር ግን በአንድ ሰዓት አይወሰድ።

ታናሽ እህትዎ ማሽኑን ባለማግኘታቸው አይጨነቁ። ፍራክስ ያለ ጥግግት ልኬትም ይሠራል፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመትና ታሪክ ይበቁታል። እናታችሁ አንድ ናቸውና የእናታችሁ አወዳደቅ በእሳቸውም ታሪክ ላይ ይጻፋል። ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯቸው፤ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ለሐኪማቸው ይናገሩ።