በረዶ የማይዘጋው መንገድ

በሰሜን ሚኒሶታ ከብሬነርድ ከተማ አጠገብ ተነስቶ ቤሚጂ ድረስ የሚዘልቅ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ አለ። የፖል በንያን መንገድ ይሉታል። በጫካ መሃል ያልፋል፣ ሐይቅ ለሐይቅ ይሄዳል፤ መኪና አይገባበትም። በሐምሌ ብስክሌተኛው፣ ሯጩ፣ ልጇን በጋሪ የምትገፋ እናት ይጠቀሙበታል። በጥር ደግሞ አስፋልቱ በበረዶ ይሸፈንና በረዶው በማሽን ተደልድሎ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር (ስኖውሞቢል) ጎዳና ይሆናል። ሥራውን ይለውጣል እንጂ አይዘጋም።

ይህን የምጽፈው በተለይ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። ኅዳር ሲገባ በራችንን ዘግተን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ መመላለስ ለምደናል። “ብርዱ ይለፍና” እንላለን። እስቲ አስቡት፤ በዓመት አምስት ወር ብርዱ እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሰው፣ እዚህ አገር 20 ዓመት ሲኖር ከ8 ዓመት በላይ ዕድሜውን በመስኮት እያየ አሳልፏል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሰውነታችሁም፣ አእምሯችሁም፣ ልጆቻችሁም እነዚያን ዓመታት ይፈልጓቸዋል።

“እኛ የፀሐይ አገር ሰዎች ነን፤ በረዶ ለእኛ አልተፈጠረም” የሚል ካለ ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። ሮቤል በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። እናንተ ግን በረዶው ደጃችሁ ድረስ መጥቶላችኋል።

የፖል በንያን መንገድ ለጀማሪ የሚመችበት ምክንያት አለው። አብዛኛው ክፍሉ በአንድ ወቅት ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ነበር፤ ከሰሜኑ ጫካ ግንድ ይጓጓዝበት ነበር። የባቡሩ ሥራ ሲቀር ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጠ። ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል ምድሩ ቀድሞውኑ ተደልድሎ ነበር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንኳን ሳይቸገር የሚሄድበት የሆነው ለዚህ ነው። እግሩ የጠነከረ ሰው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይሻገርና በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ያለውን የተራራ መንገድ ይሞክር። ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መንገድ ለእግረኛ ብቻ የተሠራ ነው፤ ድንኳን መትከያዎቹም ያለ ክፍያ ናቸው።

ብርዱ ቀልድ አይደለም። በቤሚጂ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረድ የተለመደ ነው። ግን አለባበስ የሚያውቅ ሰው ይቋቋመዋል። ከሥር የጥጥ ካናቴራ አትልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ቆማችሁ ትንፋሽ ስትሰበስቡ ያ ላብ ይቀዘቅዝና እስከ አጥንት ይዘልቃል። ሥጋችሁን የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ስፖርት ልብስ ይሁን፤ በላዩ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ድረቡ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ቢበርዳችሁ ልክ ናችሁ፤ ከ10 ደቂቃ እርምጃ በኋላ ትሞቃላችሁ። ከወዲሁ የሞቃችሁ እንደሆነ ግን መንገድ ላይ ታልባላችሁ። ጫማው ጠባብ አይሁን፤ ደም ያልተዘዋወረበት ጣት በሦስት ካልሲም አይሞቅም።

ሌላም ልብ በሉ። ሐይቁ ስለነጣ ብቻ አቋርጣችሁ አትሂዱ፤ ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል፣ ያም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለውም። በኅዳር የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ። ስኖውሞቢል በሚሄድበት መንገድ ጠርዝ ይዛችሁ ተራመዱ። በጸደይና በበጋ ከጫካ ስትመለሱ የልጆቹን እግርና አንገት ለመዥገር ፈትሹ።

ለብርሃኑም ብላችሁ ውጡ። በታኅሣሥ አጭሩ ቀን በቤሚጂ አካባቢ ስምንት ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። በጨለማ ወደ ሥራ ገብቶ በጨለማ የሚመለስ ሰው መንፈሱ ቢከብደው አይገርምም። በእረፍት ቀን ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ደጅ መዋል ብዙ ያቀላል። አልፎም መድኃኒት የሚፈልግ ከባድ ሐዘን ከሆነ ሐኪም ጋ መሄድ ነውር የለውም።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብባል ኢታስካን እመርጣለሁ። በ1891 የተከለለ፣ የግዛቲቱ የመጀመሪያ የመንግሥት ፓርክ ነው። የሚሲሲፒ ወንዝ በፓርኩ ውስጥ ካለው ከኢታስካ ሐይቅ ይወጣል። እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ወንዝ እዚያ ጉልበት አይደርስም፤ ልጆች በድንጋዮቹ ላይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። አንዱ ተንሸራቶ ውስጥ ይገባል፣ ጫማው በውኃ ተሞልቶ እየሳቀ ይወጣል። በበረዶው ወራት ደግሞ ያው ቦታ በሰፊ የበረዶ ጫማ ይጎበኛል፤ ጫማውን እዚያው ይከራያሉ። ጎማ የመሰለውን ማሰሪያ ተረከዛችሁ ላይ አጥብቃችሁ፣ እግራችሁን ትንሽ ፈልቀቅ አድርጋችሁ መራመድ ነው፤ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል።

ወጪውም አያስፈራችሁ። እንደ ፖል በንያን ባሉ የግዛት መንገዶች ላይ በእግርና በብስክሌት መሄድ በነጻ ነው። ፓርክ ውስጥ መኪና ለማስገባት ፈቃድ ይገዛል፤ በበረዶ ሸርተቴ ለመሄድም ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ፓስ ያስፈልገዋል።

ቤሚጂ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል፤ ሩቅ ከሆነባችሁ ከቤታችሁ አጠገብ ጀምሩ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባሉት ሐይቆች ዙሪያ የእግር መንገዱ በበረዶ ወራትም ይጠረጋል። አየሩን አትጠብቁ፤ የፊታችን ቅዳሜ ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎ በኪሳችሁ ያዙና ልጆቹን አስከትላችሁ ውጡ፤ ብቻውን የሚኖር ወገን ካላችሁም ደውሉለትና አብሯችሁ ይምጣ።